ማገዶ ከቤት አትጫኑ

በአሜሪካዋ ሚሺጋን ግዛት ሰሜናዊ ጫካ፣ ኦሳብል ወንዝ ዳር ያሉት አነስተኛ የድንኳን ማረፊያዎች መብራት የላቸውም፤ ውሃው በእጅ ፓምፕ ይቀዳል፣ ሲመሽ ሙቀቱም ጨዋታውም እሳቱ ዙሪያ ነው። ከዲትሮይት አካባቢ ለሁለት ቀን የሚወጣ ቤተሰብ ታዲያ ጓሮው የተከመረ ፍልጥ ካለው፣ መኪናው ላይ ጭኖት መሄዱ ብልህነት ይመስለዋል። አይደለም። ድንኳኑንም ስንቁንም ከቤት ያዙ፤ ማገዶውን ግን ከምታድሩበት አጠገብ ግዙ።

ምክንያቱ ያለው ከቅርፊቱ ሥር ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 በዲትሮይት አካባቢ የተገኘው፣ መነሻው ምሥራቅ እስያ የሆነው አረንጓዴ ጥንዚዛ ቁመቱ ከአንድ ሳንቲ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ዛፍ የሚገድለው እጩ ነው፤ ከአሽ ዛፍ ቅርፊት ሥር እየተጠማዘዘ ሲቦረቡር ውሃና ምግብ የሚያልፍበትን መንገድ ይቆርጠዋል፤ ዛፉም ከጫፉ ጀምሮ ይደርቃል። ጥንዚዛው በክንፉ በዓመት የሚሄደው ጥቂት ኪሎ ሜትር ነው፤ መኪና ላይ የተጫነ ፍልጥ ግን በግማሽ ቀን 300 ኪሎ ሜትር ያሻግረዋል። በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር አሽ ካለቀባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ጉዞ ነው። ረግረግ የሚወደው ጥቁር አሽ ሲጠፋ ደግሞ የሚጠፋው ጥላው ብቻ አይደለም፤ የአካባቢው ነባር የአኒሺናቤ ሕዝቦች ግንዱን ቀጥቅጠው በቀጫጭኑ እየላጡ ቅርጫት የሚሠሩበት ጥንታዊ ሙያም አብሮት ይደክማል።

«የእኔ እንጨት ደረቅ ነው፤ አገላብጬም አይቼዋለሁ» የሚል ይኖራል። እጩ ግን በተቆረጠ እንጨት ውስጥ ከርሞ ጥንዚዛ ሆኖ ሊወጣ ይችላል፤ ግማሽ ክብ የመሰለችው ትንሽ ቀዳዳም የምትታየው ከወጣ በኋላ ነው። ገና ውስጥ ያለው በቀላሉ አይታይም። «ለነገሩ አቃጥለዋለሁ» የሚለውም፣ ክምሩ እሳት እስኪደርሰው ድረስ ለጥንዚዛው በሩ ክፍት መሆኑን አይርሳ። የአሽ እንጨት ዝውውርን የገደበው የፌዴራሉ መንግሥት እገዳ እ.ኤ.አ. በ2021 መነሳቱም ሰበብ አይሆንም፤ የተነሳው ጥንዚዛውን ማቆም ስላልቻለ እንጂ ጉዳቱ ስለቀረ አይደለም፤ ኦክ ዛፍን የሚያደርቀው ፈንገስም በእንጨት ይጓዛል። ወጪው እውነት ነው፤ አንድ እስር ማገዶ በነጻ አይገኝም። ነገር ግን ያ ገንዘብ መተኪያ ለሌለው ጫካ የሚከፈል ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይኸው ነው። እንግዲህ እዚያው የተቆረጠ፣ ወይም በሙቀት መታከሙ የተጻፈበትን ግዙ፤ የተረፈውንም ወደ ቤት አትመልሱት፣ እዚያው አንድዱት።