ባለ ዕዳው ማን ነው?

ባለፈው ሰሞን አንድ እሑድ፣ ጥቂት ጓደኛሞች የፈተናውን ጭንቀት ለማራገፍ ብለን ወደ ለገዳዲ ወጣን። የተሳፈርንበት ሚኒባስ ሹፌር በዕድሜ ገፋ ያሉ ሰው ነበሩ። ለገጣፎን አልፈን የግድቡ ውኃ ከሩቅ ብልጭ ማለት ሲጀምር፣ ከመካከላችን አንዱ ስልኩን ከመኪናው ድምፅ ማጉያ ጋር አገናኝቶ የዋልያስ ባንድን «ሙዚቃዊ ስልት» ለቀቀው። ሹፌሩ መሪውን እንደያዙ ራሳቸውን ነቀነቁ። ትንሽ ቆይተው ግን፣

«እነዚህ ሰዎች እኮ ጥለውን ነው የሄዱት!» አሉ።

«ጋሼ፣ ታዲያ ምን ያድርጉ?» አልናቸው።

«እንዴት ምን ያድርጉ! ዋልያስን ዋልያስ ያደረግነው እኛ ነን እኮ፣ ልጆቼ!»

ከዚያ ወዲያ ዝምታ የለም። ክርክሩ ግድቡ ዳር እስክንደርስ፣ ደርሰንም ሽሮአችንን እስክንጨርስ አልበረደም። ጥያቄው ይኸው ነው፤ ለመሆኑ አድማጭ በሚወደው ሙዚቀኛ ላይ ምን መብት አለው?

ነገሩን ከሥሩ እንየው (ዓመተ ምሕረቱን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እንጠቅሳለን)። በአገራችን ዘመናዊ ሙዚቃ ለረጅም ጊዜ የተቋም ልጅ ነበር፤ የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስ፣ የጦር ሠራዊት፣ የቴአትር ቤት። ሙዚቀኛው ደመወዝተኛ ነው፤ የሚነፋው ሳክስፎንም የመሥሪያ ቤቱ ንብረት ነው። ኋላ የምሽት ክበቦች ሲበራከቱ መሣሪያው የክበቡ ባለቤት ሆነ። ከክበቡ የተጣላ ሙዚቀኛ ጣቶቹን ብቻ ይዞ ይወጣል። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የተሰባሰቡት ዋልያሶች ግን የገዛ መሣሪያቸውን ይዘው ቆሙ። ለእኛ ነጻነታቸው ያለው እዚህ ላይ ነው፤ የሚሠሩበትን ቤት ሊለቁ ይችሉ ነበርና።

ድምፃቸውም እንግዳ ነበር። በአማርኛ ዘፈን ንጉሡ ግጥም ነው፤ አድማጭ የሚጠብቀው ስንኙን፣ ሰሙንና ወርቁን ነው። እነሱ በ1977 «ቼ በለው» የተባለውን ሸክላ ሲያወጡ የዘፋኙን ቦታ ለኃይሉ መርጊያ ኦርጋን ሰጡት። የግርማ በየነ ድርሰት የሆነው «ሙዚቃዊ ስልት» ያለበት ሸክላ ይኸው ነው። ቃል የለውም፤ ግን ሰው ያዝናል፣ ይጨፍራል። ሳንሱር በነገሠበት ዘመን የሚሰረዝ ስንኝ የሌለው ሙዚቃ ምን ያህል እንደሚያስተነፍስ መገመት አያቅትም። ሰዓት እላፊ በመታወጁም በሂልተን ሆቴል ሊሰማቸው የመጣ ታዳሚ ወደ ቤቱ መመለስ ስለማይችል፣ እስኪነጋ አብሯቸው ያድር ነበር።

እንግዲህ የጋሼ ቅሬታ ከዚህ ይመነጫል። በ1981 ባንዱ ለሙዚቃ ዝግጅት ወደ አሜሪካ ተጓዘ። ከፊሎቹ ተመለሱ፤ ኃይሉን ጨምሮ ከፊሎቹ እዚያው ቀሩ። አብሯቸው ያነጋው ሕዝብ ሜዳ ላይ ቀረ። «ያለ አድማጭ ባንድ ምንድነው? እንጨትና ሽቦ!» አሉን ጋሼ። ኧረ እውነት አላቸው። በዚያ ጨለማ ጊዜ የሚያጽናናን ነገር ማጣት ቀላል ጉዳት አይደለም።

ዳሩ ግን ሌላውንም ገጽ እንግለጥ። ኃይሉ መርጊያ በ1985 ብቻውን አኮርዲዮንና ኪቦርድ እየተጫወተ አንድ ካሴት ሠራ። ከዚያ በዋሽንግተን ታክሲ ነጂ ሆነ፤ ኪቦርዱን ከኋላ ጭኖ፣ ተሳፋሪ እስኪመጣ ድረስ መኪናው ውስጥ ይለማመድ ነበር። ያ ካሴት በ2013 እንደገና ታትሞ ዓለም የሰማው፣ አንድ አሜሪካዊ ሰብሳቢ ባሕር ዳር ላይ አግኝቶት ነው። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት እኛ ወዳጆቹ የት ነበርን? ሙዚቃውን እያባዛን ነበር! ትናንት በካሴት፣ ዛሬ በፍላሽና በስልክ። ያን ዕለት መኪናው ውስጥ ያደመጥነውም አንዲት ሳንቲም አልተከፈለበትም። ነጻ ሰው ነው ብለን እናወድሰዋለን፤ የነጻነቱን ሒሳብ ግን ለእሱ ብቻ እንተወዋለን። የተቋም ሙዚቀኛ ደመወዝ ነበረው፤ ለብቻው የቆመ ባንድ ካድማጩ በቀር ማን አለው?

ይህን ስንል ሙዚቀኛ የማንም ዕዳ የለበትም ማለታችን አይደለም። ባንድ በአባላቱ መካከል የተገባ ቃል ነው፤ የተመለሱት ጓደኞቻቸውን አጥተው ተመልሰዋል። ያ ግን የእነሱ የእርስ በርስ ሒሳብ ነው። እኛ ዳኛ ሆነን የምንቀመጥበት አይደለም።

ከግድቡ ዳር ስንመለስ አንዲት እናት ጀሪካን አዝለው አቀበቱን ሲወጡ አገኘን። ሸክማቸውን ተቀብለን እስከ ቤታቸው ደጃፍ አደረስን። ያ ሁሉ ውኃ ወደ አዲስ አበባ ይወርዳል፤ የአዲስ አበባ ሰው ቧንቧውን ሲከፍት ለገዳዲን አያስባትም። ቧንቧው የደረቀ ዕለት ግን «ውኃዬ!» ብሎ ይጮኻል። የእኛም የአድማጮች ጩኸት ከዚህ የራቀ አልመሰለንም። መውደድ ባለቤት አያደርግም፤ እንዲያውም ባለ ዕዳ ያደርጋል።

ጋሼ ይህን ሲሰሙ ለጊዜው ዝም አሉ። ለገጣፎ ስንደርስ ግን ሳቅ አሉና፣ «እኔም እኮ ካሴቱን ከጎረቤት አስቀድቼ ነው ያደመጥኩት» አሉ። ሁላችንም ሳቅን፤ ሳቁ ግን ራሳችንን ነካን።

እንግዲህ ጓደኞቻችን፣ ከመካከላችን ጊታራቸውን በገዛ ገንዘባቸው ገዝተው፣ ማንም ያልለመደውን ድምፅ ይዘው የሚወጡ ልጆች አይጠፉም። መግቢያው ሃምሳ ብር ይሆናል። ያን ዕለት በር ላይ ቆመን «እኛ እኮ ጓደኞቻቸው ነን» ብለን በነጻ አንግባ። ጓደኞቻቸው ከሆንን እንክፈል።