ያልታወቀው ለማን ነው?

በወጣቶች ኅብረት ውስጥ የሽርሽር ነገር ሲነሣ የሚጠሩት ቦታዎች የታወቁ ናቸው። ከሶዶ ለሚነሣ ሰው ወይ ሐዋሳ ነው፣ ወይ አርባ ምንጭ። ብር ይዋጣል፣ ሚኒባስ ይከራያል፣ ሐይቅ ዳር ፎቶ ይነሣል፣ ማታ ወደ ቤት ይገባል። በዚህ ምንም ክፋት የለም። ነገር ግን ከደጃችን ያለውን ሳናይ ስንት ዓመት አለፈን?

እስቲ አስቡት። ዳሞታ ተራራን በየማለዳው ታዩታላችሁ። በምዕራባዊ ጎኑ ያለውን የሞቼና ቦራጎ ዋሻ ግን ስንቶቻችሁ ገብታችሁ አይታችኋል? ተመራማሪዎች በዚያ ቆፍረው ከ40,000 ዓመት በላይ ዕድሜ እንዳላቸው የሚገምቷቸውን የድንጋይ መሣሪያዎች አግኝተዋል። በአረካ በኩል ብትሄዱ አጃቾና ሶኬ የተባሉት ወንዞች ጎን ለጎን ወደ ገደል የሚወረወሩበት የአጆራ ፏፏቴ አለ። በስተ ደቡብ ሁምቦ አለ። በስተ ምዕራብ ደግሞ የኪንዶ ዲዳዬ ወረዳ ከተማ ሃላሌ ትገኛለች። ስሟ ቢቀራረብም በዳውሮ ካለው ከሃላላ ኬላ ጋር አታምታቷት። ሃላላ ኬላ ከንጉሥ ሃላላ የድንጋይ ካብ ስሙን የወሰደና ዛሬ ሪዞርት የተሠራበት ቦታ ነው፤ ሃላሌ ግን ከኦሞ ወዲህ ያለች የወላይታ ከተማ ናት።

እነዚህን ቦታዎች ስንዘረዝር «ያልታወቁ» ማለት ይቀናናል። እዚህ ላይ ቆም ብለን እንጠይቅ፤ ያልታወቁት ለማን ነው? ሃላሌ ውስጥ ተወልዶ ለሚያድግ ልጅ ሃላሌ ያልታወቀ ቦታ አይደለም። እናቱ የምትገበያይበት፣ አያቱ የተቀበሩበት፣ ወንጌል የሰማበት አገሩ ነው። እኛ «አገኘነው» ስንል እርሱ ጠፍቶ አያውቅም። እግዚአብሔርም ያንን መንደር ለማወቅ የእኛን ፎቶ አልጠበቀም።

ናትናኤል ስለ ናዝሬት በሰማ ጊዜ ከዚያ መልካም ነገር ይወጣል ብሎ ለማመን ተቸግሮ ነበር (ዮሐንስ 1፥46)። ፊልጶስ አልተከራከረውም፤ መጥቶ እንዲያይ ጋበዘው እንጂ። ናትናኤል ንቆት የነበረው መንደር ግን እርሱ ከማወቁ በፊት ጌታ ያደገበት ቤት ነበር። ትንሽ ከተማን በስሟ ብቻ የምንመዝን ሁሉ ከናትናኤል ጋር አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠናል።

የእኛው የወላይታ ታሪክም ይህንን ይመሰክራል። የሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን ሚስዮናውያን እ.ኤ.አ. በ1928 ሶዶ ደረሱ። በጣልያን ወረራ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ1937 ሲወጡ ትተዋቸው የሄዱት የተጠመቁ አማኞች ከ50 አይበልጡም ነበር። ጦርነቱ አልፎ ሲመለሱ ወደ 10,000 የሚገመቱ አማኞች ጠበቋቸው። ያ ሁሉ ሥራ የተሠራው የሚዘግብ እንግዳ ባልነበረበት ጊዜ ነው። እነ ዋንዳሮ ዳባሮ ስለ እምነታቸው ሲገረፉ ዓለም አላያቸውም፤ ጌታ ግን አያቸው።

አሁን ስለ መንገዱ እናስብ። እናንተን ቅዳሜ ወደ ሃላሌ የሚወስዳችሁ መንገድ የሃላሌን ሰው ወደ ሶዶ የሚያመጣው ያው መንገድ ነው። በእርሱ ላይ ሕመምተኛ ወደ ኦቶና ሆስፒታል ይመጣል፣ ተማሪ ወደ ዩኒቨርሲቲ ይመጣል፣ ገበሬ ቦዬና ቡና ጭኖ ለገበያ ይወጣል። ዝናብ ዘንቦ መንገዱ ቢጨቀይ እናንተ ጉዞውን ለሚቀጥለው ሳምንት ታስተላልፋላችሁ። ምጥ የያዛት እናት ግን ልታስተላልፍ አትችልም። ለአንዱ መዝናኛ የሆነው ለሌላው የሕይወት ጉዳይ ነው።

«ታዲያ ለማረፍ ወጥቼ የሰው ችግር ማሰብ አለብኝ?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ዕረፍት ኃጢአት አይደለም። ጌታ ራሱ ደክመው የተመለሱትን ደቀ መዛሙርት ለብቻቸው ወደ ምድረ በዳ ሄደው ጥቂት እንዲያርፉ ጠርቷቸዋል። በማርቆስ 6 ላይ ታሪኩን እስከ መጨረሻው አንብቡት። ለማረፍ የሄዱበት ቦታ ሲደርሱ ሰው ሞልቶት አገኙት። ጌታ ሰዎቹን ዕረፍቱን እንዳበላሹበት አልቆጠራቸውም፤ አዘነላቸው፣ አስተማራቸው፣ መገባቸው። ከዚያ በኋላ ሕዝቡን አሰናብቶ ሊጸልይ ወደ ተራራ ወጣ። ዕረፍቱንም አልተወም፣ ሰውንም አልገፋም። ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ ማለት ነው።

ሌላው ደግሞ «ከፍለን ነው የምንሄደው፤ ሌላ ምን ዕዳ አለብን?» ይላል። መክፈል መልካም ነው፤ ምሳን ከቤት ጭኖ ሄዶ ፌስታሉን ብቻ ለመንደሩ ትቶ ከመመለስ እጅግ ይሻላል። ነገር ግን በገንዘብ የማይለካ ነገር አለ። ሁምቦን ተመልከቱ። ኮረብታዎቹ ተራቁተው ነበር። በወርልድ ቪዥን አጋዥነት እ.ኤ.አ. በ2006 በተጀመረ ሥራ 2,728 ሄክታር መሬት ተከለለ፤ ከአፈር ሥር በሕይወት የነበሩት ጉቶዎች ተጠብቀው አቆጠቆጡ፣ ደን ሆኑ። ይህ እንዲሆን ገበሬዎቹ በማኅበር ተደራጅተው ከብቶቻቸውን ከኮረብታው መለሱ፣ ማገዶ መቁረጥ ተዉ። እናንተ በአንድ ከሰዓት የምታደንቁት አረንጓዴ የሰዎች የብዙ ዓመት ትዕግሥት ነው። የእግዚአብሔርን ሥራ አይቶ ማመስገን ያስፈልጋል፤ እርሱ የተጠቀመባቸውን እጆች መርሳት ግን ምስጋናውን ጎዶሎ ያደርገዋል።

በሌላ በኩል ደግሞ ሽርሽሩን ሁሉ «ተልእኮ» ብለን ሰይመን፣ ያረጀ ልብስ አከፋፍለን፣ የሕፃናትን ፎቶ አንሥተን መመለስ መፍትሔ አይደለም። ወደ ጋሞ፣ ወደ ጎፋ፣ ወደ ቡርጂ የሄዱት የወላይታ ወንጌላውያን በእግራቸው ተጉዘው፣ ከሰዉ መካከል ቤት ይዘው፣ የሚበላውን በልተው፣ ቋንቋውን ተምረው ኖሩ። እኛ በአንድ ቅዳሜ ያንን አንሠራም፤ እንደሠራንም አድርገን አናውራ። በአንድ ቅዳሜ የሚቻለው እንግዳ መሆን ነው።

እንግዳ ከመሄዱ በፊት ያስታውቃል፤ ስለዚህ ለዚያ አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን የወጣቶች ኅብረት አስቀድማችሁ ንገሩ። እንግዳ የቀረበለትን ይበላል፤ ከገበያቸው ግዙ፣ ከዳጣቸው ቅመሱ። እንግዳ ጓዳ አይበረብርም፤ ፎቶ ከማንሣታችሁ በፊት አስፈቅዱ። ከሁሉ በላይ ግን እንግዳ የሆነ ሰው በተራው ያስተናግዳል። የሃላሌ ወጣቶች ሶዶ ሲመጡ የሚያድሩበት ቤት አላቸው? ከመካከላችሁ አንዱ በሽተኛ ይዞ ለመጣ ሰው ኦቶና በር ላይ ይጠብቀዋል?

እንግዲህ ኅብረታችሁ በሚቀጥለው ጊዜ ስለ ሽርሽር ሲነጋገር የት እንሂድ ከሚለው ጋር ማንን እንጋብዝ የሚለውንም በአጀንዳው ላይ አስፍሩ። ከተመለሳችሁ በኋላ ደግሞ ስልካችሁን ከፍታችሁ እዩ። ከፎቶዎቹ መካከል ስሙን የምታውቁት፣ ለእሑድ ጸሎት የምታነሡት፣ ልትደውሉለት የምትችሉት አንድ የሃላሌ ሰው ካለ ጉዞው ተሳክቷል።