ወለልህ የጎረቤትህ ጣሪያ ነው



ዛሬ ጁሙዓ ነው። ገላችንን ታጥበን፣ ያለንን ጥሩ ልብስ ለብሰን ወደ መስጂድ የምንወጣበት ቀን። ወንድሜ፣ እህቴ! እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅህ፦ የታጠብክበት ሻወር ያፈሳል? አንተ ለጁሙዓ ስትታጠብ፣ ከታች ያሉት ጎረቤትህ ጠብታው ሥር ሳፋ እየደቀኑ ይሆን?

በፎቅ ቤት የምንኖር ሰዎች በዚህ ጉዳይ ሦስት መልሶች አሉን። «እኔ አላበላሸሁትም፤ ስገባም እንዲህ ነበር።» «ኪራይ ቤት ነው፤ ባለቤቱ ያሠራው።» «የውሃውን ሒሳብ የምከፍለው እኔ ነኝ።» ሦስቱም እውነት ሊሆኑ ይችላሉ። ጥያቄው ግን ይህ ነው፦ ሰው እሱ ባላደረሰው፣ ነገር ግን እያወቀ በተወው ጉዳት ይጠየቃል?

የፊቅህ ሊቃውንት ይህን ጥያቄ ከብዙ ዘመን በፊት አንስተውታል፤ ምሳሌያቸው ያዘመመ ግድግዳ ነበር። በሐነፊ መዝሀብ የታወቀው ፍርድ እንዲህ ነው፦ ቀጥ ብሎ የተሠራ ግድግዳ ቆይቶ ወደ መንገድ ቢያዘምና ባለቤቱ ሳይነገረው ቢወድቅ፣ ካሳ የለበትም። «ግድግዳህ አዝሟል፤ አፍርሰው» ተብሎ ከተነገረው፣ ለማፍረስም ጊዜና አቅም እያለው ችላ ካለ ግን፣ ግድግዳው ወድቆ ለሚያደርሰው ጉዳት ተጠያቂ ነው። ልብ በል፦ ግድግዳው ያው ግድግዳ ነው። የተለወጠው የሰውየው ማወቅ ነው።

ጎረቤትህ በርህን ያንኳኩ ቀን፣ ግድግዳህ ማዘሙ ተነግሮሃል። «እኔ አላበላሸሁትም» የሚለው መልስ እስከዚያ ቀን ድረስ ያገለግል ነበር። ከዚያ ወዲህ ያለው እያንዳንዱ ጠብታ በአንተ ምርጫ የሚወርድ ነው።

ቡኻሪ የዘገቡትን የመርከብ ምሳሌ አስታውስ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በዕጣ ተከፋፍለው ከላይና ከታች ስለተሳፈሩ ሰዎች ነግረውናል። ታችኞቹ ውሃ ለመቅዳት እየወጡ ላይኞቹን ላለማስቸገር ሲሉ፣ በራሳቸው ድርሻ ላይ ቀዳዳ ሊከፍቱ አሰቡ። ቢተዉ ሁሉም ይጠፋሉ፤ ቢከለከሉ ሁሉም ይድናሉ። ሰዎቹ ክፉ አላሰቡም። የሳቱት «በራሳችን ድርሻ» ያሉ ጊዜ ነው። እኛም «በራሴ ቤት፣ በራሴ ሻወር» እንላለን። የአንተ ወለል ግን የእሳቸው ጣሪያ ነው። አላህም (ሱ.ወ.) በሱረቱ ኒሳእ ቁጥር 36 ለወላጆች በጎ መዋልን ባዘዘበት አንቀጽ፣ ለቅርብም ለሩቅም ጎረቤት በጎ መዋልን አዟል።

«ታዲያ ምን ላድርግ?» ካልክ፣ መጀመሪያ ከየት እንደሚያፈስ ለይ። ከተዘጋ በኋላ ከሻወሩ ጫፍ ለጥቂት ደቂቃ መንጠባጠቡ የቀረ ውሃ ነው። ካላቆመ ግን ብዙ ጊዜ የመክፈቻው የውስጥ ጎማ አልቋል ማለት ነው፤ ዋናውን መዝጊያ ዘግተህ ጎማውን ቀይር። በመገጣጠሚያው ከሆነ ፈትተህ ቴፍሎን ጠቅልልበትና መልሰህ እሰረው። የሚያፈስበት ቦታ ካልታየህ፣ ውሃ ባለበት ቀን ሮቶው ከሞላ በኋላ ሁሉንም ቧንቧ ዘግተህ ቆጣሪውን አንብብ። ለአንድ ሰዓት ምንም ሳትነካ መልሰህ እይ፤ ከተንቀሳቀሰ ቧንቧው አንድ ቦታ ያፈሳል። ቆጣሪው ቆሞ ከታች የሚረጥበው አንተ ስትታጠብ ብቻ ከሆነ፣ የፍሳሽ መውረጃውን ወይም በሴራሚኩ መካከል ያለውን ስንጥቅ ጠርጥር። ከዚህ በላይ የቧንቧ ሠራተኛ ሥራ ነው።

«የምከፍለው እኔ ነኝ» ለምትለው ደግሞ፣ ከሚንጠባጠበው ሥር ብርጭቆ አስቀምጥ። 250 ሚሊ ሊትር የሚይዘው ብርጭቆ በአንድ ሰዓት ከሞላ፣ በቀን 6 ሊትር እየፈሰሰ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ገላቸውን በአንድ ሷዕ፣ ማለትም ወደ 3 ሊትር በሚጠጋ ውሃ ይታጠቡ እንደነበር ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። ለሁለት ትጥበት የሚበቃ ውሃ ማንንም ሳያጥብ በየቀኑ ይሄዳል። መክፈልህ ኢስራፍነቱን አያነሳልህም።

ተከራይ ከሆንክ ቤቱ እጅህ ላይ ያለ አማና ነው። ጥገናው የባለቤቱ ሊሆን ይችላል፤ መንገር ግን የአንተ ነው። ገንዘብ ካጠረህም እውነቱን ለጎረቤትህ ንገራቸውና ቀን ቁረጥላቸው። እስከዚያው ሻወሩን ተወው። ትልቅ ሳፋ ውስጥ ሆነህ ታጠብ፣ ውሃውን መጸዳጃው ውስጥ ድፋው። ያደክማል፤ የእሳቸው አልጋ ከሚረጥብ ግን የአንተ ወገብ ቢደክም ይሻላል።

ዛሬ ከሰላት ስትመለስ ወደ ቤትህ ከመውጣትህ በፊት አንድ ፎቅ ቀድመህ ቁም። እሳቸው ሳያንኳኩ አንተ አንኳኳና «ጣሪያዎት እንዴት ነው?» በላቸው።

አላህ ጎረቤቶቻቸው ከእነሱ ሰላም ከሚያገኙ ባሮቹ ያድርገን። አሚን።

ጁሙዓ ሙባረክ!