ጅራፍና አሞሌ

ጨው በግመል ይመጣ በነበረበት ዘመን፣ ዋግ ውስጥ አንዲት እናት ልጇን ልትድር ተነሳች። ወሩ ጥር ነው። በሌላ ጊዜ ሁለት አሞሌ ለወር ይበቃታል፤ አሁን ግን የሰርግ ወጥ ነውና ስድስት ገዛች። ሰርጉ አማረ፣ ሙሽሪት ሄደች፣ እናትየውም በየካቲት ወደ ሁለት አሞሌዋ ተመለሰች። ለእሷ ነገሩ ያለቀው እዚያ ላይ ነው።

የመንደሩ ቸርቻሪ ግን ቆጠረ። በወር 20 አሞሌ የሚሸጥ ሰው በጥር 24 ሸጠ። «ገበያው ተነሳ» አለ ለራሱ። ወደ ሰቆጣ ትእዛዝ ሲልክ ደግሞ 24 አላለም፤ መንገዱ ሩቅ ነው፣ ጨው የለኝም ማለትም ደንበኛ ያሳጣል፤ 30 አለ። አልፈርድበትም፤ እኔም ብሆን 30 እል ነበር።

የሰቆጣው ጅምላ ነጋዴ እንዲህ ያሉ አራት ቸርቻሪዎች አሉት። በወር 80 አሞሌ ከመቀሌ ያስመጣል። አንዱ በድንገት 30 ሲለው ሰጋና ያለውን ማብቃቃት ጀመረ፤ 20 ለጠየቀው 15 ሰጠ። ነገር የተበላሸው ይሄኔ ነው። 15 የደረሳቸው «ጨው ሊጠፋ ነው» ብለው አወሩ። ወሬውን የሰማ ቤት ሁሉ አንድ አሞሌ ጨምሮ ገዝቶ ጓዳ ከተተ። ቸርቻሪዎቹም እንደሚቀነስባቸው አውቀዋልና 20 ሲፈልጉ 40 ማለት ተማሩ። ጅምላ ነጋዴው አራቱን ደመረ፤ 160 ሆነ። ለመጠባበቂያ 40 ጣል አደረገበትና 200 ብሎ ወደ መቀሌ ላከ። የመቀሌው ባለግመል ለሰቆጣ ጨው አራት ግመል ይበቃው ነበር። 200 ሲሰማ «ዛሬ 200 ያለ ነገ 240 ይላል» ብሎ ስምንት ግመል በዱቤ ገዛ፤ አሥራ ሁለት አደረጋቸው።

ጨው ግን በቁጣም በልመናም አይፈጥንም። ሜዳው ከባሕር ጠለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ የተኛ የአፋር በረሃ ነው። ቅርፊቱን በእንጨት ፈንቅሎ ማንሳት አለ፤ አንሥቶ በመጥረቢያ መጥረብ አለ፤ ጠርቦ ማሰር አለ። ግመሉ ሲወርድ የመመለሻ ድርቆሹን ተሸክሞ በየማደሪያው እያስቀመጠ ይወርዳል፤ ሲወጣ እሱን እየበላ ደጋውን ይያያዘዋል። እንዲህ ሲባል ጨው ሰቆጣ የገባው በግንቦት ነው። ያኔ ሰርግ የለም፣ የጓዳው ክምችትም ገና አላለቀም። ቸርቻሪዎቹ ማዘዝ አቆሙ። ጅምላ ነጋዴውም አቆመ። በሰኔ ዝናቡ መጣ፣ ጎተራው አፈሰሰ፣ አሞሌው እያለቀሰ ወለሉን አጨቀየው። ባለግመሉ የዱቤውን ዕዳ ለመክፈል ስምንቱን ግመሎች በገዛበት ግማሽ ዋጋ ሸጠ።

ነሐሴ ላይ ተካሰሱና ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ካለው ወይራ ሥር ሽማግሌ ተቀመጠ። ባለግመሉ ጅምላ ነጋዴውን ከሰሰ፤ ጅምላ ነጋዴው ቸርቻሪውን። ሁሉም «ጨው እንዳይጠፋ ብዬ አደረግሁት» ብሎ ማለ፤ በሐሰት የማለ አልነበረም።

አንዱ ሽማግሌ፣ ብዙ የማይናገሩ ሰው፣ ቸርቻሪውን ጠሩት።

«ልጄ፣ በጥር ጨው የጨመረብህ ማን ነው?»

«እኚያ ናቸው፣ አባቴ፤ ከግንቡ ጥግ የተቀመጡት።»

«እሜቴ፣ በጥር ስንት ገዙ?»

«ስድስት።»

«ለምን?»

«ልጄን ዳርኩ።»

«በየወሩ ስድስት ይገዛሉ ብለን እንጠብቅ?»

ሴትየዋ ሳቀች። «አባቴ፣ ያለችኝ እኮ አንዲት ልጅ ናት።»

ቡሄ ደርሷልና ልጆች ከቁልቁለቱ ጅራፍ ያጮሃሉ። ሽማግሌው እጃቸውን በዚያ በኩል ዘርግተው «ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል» አሉና ዕዳውን ለተካሳሾቹ ለማካፈል ተነሱ።

የሎጂስቲክስ ሰዎችም ለዚህ በሽታ ስም ያወጡለት ከጅራፍ ነው፤ እጀታው ላይ ያለ እጅ ስንዝር ሲነቃነቅ ጫፉ አየሩን ይሰነጥቀዋልና። ጄይ ፎረስተር የተባለው የኤም አይ ቲ መምህር ነገሩን በመጽሐፍ የተነተነው በ1961 እ.ኤ.አ. ነው። ከእሱ ሥራ የተወለደ የቢራ ጨዋታ አለ፤ ተማሪዎች ቸርቻሪ፣ ጅምላ ነጋዴ፣ አከፋፋይና ፋብሪካ ሆነው ይቀመጣሉ፣ ማዘዝ እንጂ መነጋገር ክልክል ነው። የጠጪው ፍላጎት አንድ ጊዜ ብቻ፣ በሳምንት ከ4 ሣጥን ወደ 8 ከፍ ብሎ እዚያው ይቆማል። ፋብሪካው ጋ ሲደርስ ግን ብዙ ጊዜ ማዕበል ሆኗል፤ ተጫዋቾቹም ጠጪው ያበደ ይመስላቸዋል። የፕሮክተር ኤንድ ጋምብል ሰዎች በፓምፐርስ ዳይፐር ያዩት ይህንኑ ነው፤ ሕፃናቱ እንደ ወትሮው ያረጥባሉ፣ ትእዛዙ ግን ይዘላል።

እኛ ግን ዕቃ በጠፋ ቁጥር የምንከሰው መንገዱን፣ የጂቡቲን ወደብ፣ ሹፌሩን ነው። መንገድ አይበድልም አልልም። ሆኖም አዲስ መኪና መግዛት ከባለግመሉ ስምንት ግመሎች የሚለየው ትእዛዙ የፍጆታ ልክ ሲሆን ነው። ጤና ጣቢያዎቻችን በየሁለት ወሩ የሚሞሉትን የመድኃኒት መጠየቂያ ቅጽ የምወድደው ለዚህ ነው። «ስንት ትፈልጋለህ» ብቻ አይልም፤ ስንት ነበረህ፣ ስንት ደረሰህ፣ ስንት ተጠቀምህ፣ ስንት ተበላሸብህ፣ ስንት ቀረህ ይላል። ወይራው ሥር የተጠየቀው ጥያቄ በሠንጠረዥ መሆኑ ነው። በትክክል ሲሞላ ማለቴ ነው።

ባለፈው ሰሞን ሰፈራችን ውስጥ «ዘይት ሊጠፋ ነው» የሚል ወሬ ነፈሰ። ይህን ሁሉ የማውቀው እኔ ማታውኑ ሱቅ ወርጄ በአንዱ ፈንታ ሦስት ባለ አምስት ሊትር ገዛሁ። ባለሱቁ ሰርግ አለብህ ወይ አላለኝም። መልሴን ሰጠኝና፣ እስክሪብቶውን ከጆሮው አውርዶ ደብተሩ ላይ «ዘይት» ከሚለው ፊት ያለውን ቁጥር ሰርዞ ሌላ ጻፈ።