የአስራት ከብትና የፓዩቶች ውኃ

ፓይፕ ስፕሪንግ በአሪዞና ሰሜናዊ ጫፍ፣ ለዩታ ወሰን ቅርብ የሆነ ምንጭ ነው። በዚያ ደረቅ ምድር ውኃውን የያዘ ግጦሹንም መንገዱንም ይይዛል። የካይባብ ፓዩት ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ ይጠቀምበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1863 ጄምስ ዊትሞር የተባለ ሞርሞን ከብት አርቢ ቦታውን በስሙ አደረገ፤ በ1866 የናቫሆ ዘራፊዎችን ሲከታተል ተገደለ። ለበቀል የተገደሉት ግን ፓዩቶች ነበሩ።

የሞርሞን ቤተ ክርስቲያን መሪ ብሪገም ያንግ በ1870 በስፍራው ምሽግ እንዲሠራ ወሰነ። ምእመኑ ጥሬ ገንዘብ ስላልነበረው አስራቱን በጥጃ፣ በእህልና በቅቤ ነበር የሚከፍለው፤ እንዲህ የተሰበሰበው መንጋ ደግሞ መሰማሪያ ይፈልጋል። ከአሸዋ ድንጋይ የታነጹት ሁለት ባለ አንድ ፎቅ ቤቶች ፊት ለፊት ቆመው በግንብና በትልልቅ የእንጨት በሮች ተዘጉ። አንደኛው ያረፈው ምንጩ ላይ ነው፤ ቀዝቃዛው ውኃ በምሽጉ ውስጥ እያለፈ ወተቱንና አይቡን ከሙቀት ይጠብቅ ነበር። የመጀመሪያው ኃላፊ አንሰን ዊንሰር አይብና ቅቤውን ለሴንት ጆርጅ ቤተ መቅደስ ሠራተኞች ይልክ ነበር። ቤተ መቅደሱ በ1877 ሲያልቅ፣ ጋብቻቸውን በዚያ ለማሰር ከአሪዞና የሚመጡ ሙሽሮች በምሽጉ ያርፉ ጀመር፤ መንገዱም በኋላ የጫጉላ መንገድ ተባለ።

ለአምላክ የተሰጠ መንጋ በሌላው ሣርና ውኃ ሲደልብ ስጦታው ንጹሕ ነውን? የሞርሞን ትምህርት ምድር የጌታ ናት፣ ሰው መጋቢ ብቻ ነው ይላል። መልሱ ግን በሁለት በኩል የተሳለ ነው፤ የፓዩቶችን ባለቤትነት የሚያሳንስ ከሆነ የዊትሞርንም የባለቤትነት ወረቀት ማሳነስ ነበረበት። ቤተ ክርስቲያኒቱ ግን ወረቀቱን አክብራ ቦታውን ከወራሾቹ ገዛች። ለፓዩቶች የሚከፈል ዋጋ ያሰበ አልነበረም። መጋቢነት ከተባለም የመጋቢው ሂሳብ የሚታየው በሣሩ ላይ ነው። ፓዩቶች የሣር ፍሬ ለቅመው ይመገቡ ነበር፤ ከብቱ ያንን ጨረሰው። ይህን በ1880 በደብዳቤ ያመነው ባዕድ ሳይሆን ለነባሩ ሕዝብ ሚስዮናዊ የነበረው ሞርሞኑ ጄኮብ ሃምብሊን ነው።

በ1887 የፌዴራል መንግሥት ከአንድ በላይ ማግባትን ለመቅጣት የቤተ ክርስቲያኒቱን ንብረት የሚወርስ ሕግ አወጣ፤ በኋላ ቦታው ለግለሰቦች ተሸጠ። በ1907 ለፓዩቶች የተከለለው መሬት ምንጩን ከበበው፤ በ1923 ምሽጉ ብሔራዊ ቅርስ ሆነ። በ1933 ውኃው ለቅርሱ፣ ለፓዩቶችና ለከብት አርቢዎች እኩል ሦስት ቦታ ተከፈለ።