የተቀደሰን ሥዕል በባዕድ ቤተ መዘክር አይቶ ደስ መሰኘት ይገባልን?

ቀድሞ ከእኔ ዘንድ ቅኔ የተማረ፥ አሁን በፓሪስ ከተማ የሚኖር አንድ ልጅ ባለፈው ጥምቀት ወደ አይከል መጥቶ ሳለ እንዲህ ሲል ጠየቀኝ። «የኔታ፥ ኬ ብራንሊ በሚባለው ቤተ መዘክር የጎንደርን የአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል አየሁ። ጫማዬን ሳላወልቅ፥ ሳልሳለም፥ እንደ ማንኛውም ተመልካች ቆሜ አየሁት፤ እጅግም ደስ አለኝ። ከወጣሁ በኋላ ግን ደስታዬ አሳፈረኝ። በደልሁን?» ጥያቄው የአንድ ሰው ብቻ ስላልመሰለኝ ያሰብሁትን ለአንባብያን አቀርባለሁ።

አስቀድሞ ሥዕሉ ከዚያ እንዴት እንደ ደረሰ ማወቅ ይገባል። በ1924 ዓ.ም. ክረምት ማርሴል ግሪዮል በሚባል ፈረንሳዊ የሚመራ፥ ከዳካር እስከ ጅቡቲ አፍሪካን የሚያቋርጥ የምርመራ ጓድ በመተማ በር ገብቶ ጎንደር ደረሰ። እኛም አይከል የምንኖረው በዚሁ ከመተማ ወደ ጎንደር በሚያወጣው መንገድ ላይ ነው። ጓዱ ከደብሩ አገልጋዮች ጋር ተስማምቶ፥ በጨርቅ ላይ ተሥሎ በግድግዳው የተለጠፈውን የቀድሞውን ሥዕል አስላጠ። በስፍራውም ጋስቶን ሉዊ ሩ የተባለ የጓዱ ሠዓሊ የሣለው ግልባጭ ተተካ። ጓዱ ወደ አገሩ ሲመለስ ወደ 60 ካሬ ሜትር የሚሆን ሥዕልና ከ300 የሚበልጡ የኢትዮጵያ መጻሕፍትና ክታቦች ይዞ ሄደ።

የመቅደላው ነገር ከዚህ ይለያል። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ካረፉ በኋላ የእንግሊዝ ጦር የወሰደው ምርኮ ነው። ከዚያ የሄዱት ወደ 350 የሚሆኑ መጻሕፍት ዛሬ በሎንዶን በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ፤ በብሪቲሽ ሙዚየም ያሉት 11 ታቦታት ግን ለማንም አይታዩም። በመቅደላ ሰይፍ ነበረ፤ በጎንደር ግን ውል ነበረ። ስለ ሰይፉ ማንም አይጠይቀንም፤ ስለ ውሉ ግን እንጠየቃለን።

እንግዲህ ወደ ጥያቄው እንመለስ። ሥዕሉ በመቅደሱ ሳለ በመጋረጃ ተከልሎ፥ በጧፍ ብርሃን፥ ከዕጣንና ከዜማ ጋር ይታይ ነበር። ያየውም ሰው በሥዕሉ ላይ አይቆምም፤ በሥዕሉ በኩል ወደ ቅዱሱ ያልፋል እንጂ። በቤተ መዘክር ግን ዓይን ከቀለሙና ከመስመሩ ላይ ይቆማል። ይህም የቅኔን ሰም ሰምቶ ወርቁን ሳያገኝ እንደሚቀር ሰው ነው። እንዲህ ያለው ሰው ጎደለበት ይባላል እንጂ በደለ አይባልም፤ ሰሙም ቢሆን የባለቅኔው ሥራ ነውና። ቅዱስ እንጦንስን ከቶ የማያውቅ ፈረንጅ እንኳ በዚያ ሥዕል ፊት ዝም ብሎ ቢቆም፥ የማያውቀው ነገር ነክቶታል። ስለዚህ ውበት ያስገኘው ደስታ በራሱ ኃጢአት አይደለም።

ዳሩ ግን ደስታ ዕዳ አለበት። «ሥዕሉ በእናንተ ዘንድ ሊጠፋ ነበር፤ እኛ አዳንነው» የሚሉ አሉ። የጎረቤቱን በሬ ከዝናብ ያስጠለለ ሰው ምስጋና ይገባዋል፤ በሬው ግን የእርሱ አይሆንም። «ውል ነበረ» ቢሉም፥ ካህን የመቅደሱ ጠባቂ ነው እንጂ ባለቤት አይደለም። ያለፉት አባቶች የሰጡትን፥ ገና ያልተወለዱት ሊሳለሙት የሚገባውን ነገር በአንድ ክረምት ሊያስተላልፈው አይችልም።

ይህን ፍርድ ከፈረድን ግን ፍርዱ በእኛም ላይ ይመለሳል። እኔ ራሴ በጐልማሳነቴ በአንድ ደብር ሳገለግል፥ ጣራው አፍስሶ በግድግዳው የተለጠፈው ሥዕል ተላቆ ወደቀ። ከጭቃ ጋር ተጠርጎ ሲጣል ቆሜ አየሁ፤ አንድ ቃልም አልተናገርሁም። በዚያ ቀን ሥዕሉን የወሰደ ፈረንጅ አልነበረም። ብራናን በጋቢ ሸፍኖ የሚሸጥም፥ የጥንቱን ሥዕል በአዲስ ቀለም የሚደፍንም የእኛው ሰው ነው። እንዲህ ስንሆን ሳለን በፓሪስ ላይ የምናሰማው ሮሮ ምን ያህል ይመዝናል?

ለልጁ የመለስሁለት ይህ ነው። «ልጄ፥ አልበደልህም። ተመልሰህም እየው፤ ነገር ግን በልብህ ጫማህን አውልቅ። አጠገብህ ለሚቆመውም ሰው ቅዱሱ ማን እንደ ሆነ፥ ሥዕሉም ከወዴት እንደ መጣ ንገረው።»

እኛ ካህናትና የከተማ ሰዎች ደግሞ የምናደርገው አለን። በ1994 ዓ.ም. ከመቅደላ ተወስዶ በኤድንብራ በአንድ ቤተ ክርስቲያን የተገኘ ታቦት ወደ አገሩ ተመልሷል፤ የሄደ ሁሉ አይመለስም ማለት አይቻልም። እንግዲህ የቀረውን እንቍጠር፥ እንመዝግብ፤ የሚያፈሰውንም ጣራ ከክረምት በፊት እንክደን። ሥዕሉ የተመለሰ ዕለት የምናኖርበት ደረቅ ግድግዳ ይኑረን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።