ካሜራው ማንን ያያል?

እህቶቼ፣ የሰውን መከራ ቀርጾ ማሳየት መቼ ነው ማገዝ የሚሆነው፣ መቼስ ነው ሰውየውን ሁለተኛ ማዋረድ?

ሻንታል አከርማን የምትባል ቤልጂየማዊት ፊልም ሠሪ ነበረች፤ በ1950 ብራስልስ ተወልዳ በ2015 አርፋለች (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ ናቸው)። በ1975 ያወጣችው ፊልም ከሦስት ሰዓት በላይ ይፈጃል። ባሏ የሞተባት እናት ድንች ትልጣለች፣ አልጋ ታነጥፋለች፣ ዕቃ ታጥባለች። ሌላው ሲኒማ ቆርጦ የሚጥለውን ሥራ ይቺ ሴትዮ ቁጭ ብላ ታሳያለች። በ2022 ሳይት ኤንድ ሳውንድ የተባለው የእንግሊዝ መጽሔት የጠየቃቸው ሐያስያን ከዓለም ፊልሞች ሁሉ አንደኛ አሉት። እኛ ወጥ ቤት የምንቆመውንስ ሰዓት ማን ቆጥሮት ያውቃል!

ሶቭየት ኅብረት ከፈረሰች በኋላ ደግሞ ከምሥራቅ ጀርመን እስከ ሞስኮ ተጉዛ በ1993 አንድ ዶክመንተሪ አወጣች። ሰዎች በብርድ ቆመው አውቶቡስ ይጠብቃሉ፣ ባቡር ጣቢያ ከነጓዛቸው ተቀምጠዋል። ማብራሪያ የሚባል ነገር የለም። ኋላ ያንኑ ፊልም በ24 ቴሌቪዥኖች ከፋፍላ ሙዚየም ውስጥ ደረደረችው፤ ተመልካቹ በመሀላቸው እየሄደ ያያል። ካሜራዋ በዝግታ እያለፈ ነው የሚቀርጻቸው፣ ስለዚህ ሁሉንም አስፈቅዳለች ለማለት ይከብደኛል። ግን አንዳንዱ ሰው ካሜራውን መልሶ አፍጥጦ ያየዋል፤ እሷም ያንን አልቆረጠችውም። ማንንም ወድቆ አላሳየችም።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ። በ2012 ቤይሩት፣ ከቆንስላችን ደጅ አንዲት እህታችን በግድ መኪና ውስጥ ስትጎተት የሚያሳይ ቪዲዮ በቴሌቪዥን ወጣ። ከቀናት በኋላ ሞተች። ስሟን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ እዚህ አልጽፈውም። ያ ቪዲዮ ባይኖር ማን ይጮህላት ነበር? የቀረጸውን ሰው መውቀስ አልችልም።

እኔን የሚያንገበግበኝ ከዚያ ወዲህ ያለው ነው። እስከ ዛሬ ይዞራል። የተጎተተችባትን ደቂቃ ዓለም በሙሉ አይቷል፣ ከዚያ በፊት የኖረችውን ዕድሜ ግን ማንም አላየም። አገር ቤት ያሉ ዘመዶቿም ስልክ በከፈቱ ቁጥር ያቺኑ ደቂቃ ነው የሚያገኟት።

«ዝም ከተባለማ ማዳሞቹ ልብ ያገኛሉ» የምትለኝ ጓደኛ አለችኝ፤ እውነቷን ነው። ለፖሊስና ለጠበቃ ቪዲዮው ሳይነካ ይድረስ። ግሩፕ ላይ ሼር ከማድረጋችን በፊት ግን መጀመሪያ እሷ ትጠየቅ፤ እሷ ከሌለች እናቷ።